በእኛ ዘር የለም

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ሰው። ልጁ ጀግና ሲሆን «ዘሩ ነው» ይባላል፤ ሌባ ሲሆንም ያው «ዘሩ ነው» ይባላል። ተረቱ ለምስጋናም ለነቀፌታም ያገለግላል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለጓደኞቼ ላጫውት የፈለግሁት ዘር ስለሚስበው ነገር ሳይሆን ዘር ስለሚደብቀው ነገር ነው። ጉዳዩ ከመማሪያ ክፍል የተገኘ ቢመስልም በመጀመሪያ ያገኘሁት ከቤታችን ምድጃ አጠገብ ነው።

የተወለድሁት በደቡብ ጎንደር በፋርጣ ወረዳ፣ ከደብረ ታቦር ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ በጉና ተራራ ግርጌ ባለ መንደር ነው። አገሩ ደጋ ነው። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጧት ጧት ጉም ተከናንቦ ይታያል፤ እኛ ከሥሩ ገብስና ድንች እየዘራን፣ በግ እያረባን፣ ውርጭ ያስተረፈልንን እንበላለን።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በ2005 ዓ.ም. ለቡሄ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እናቴ አራተኛ ልጇን ወለደች። እኛ ወንዶቹ ከደጅ ተቀምጠን ጅራፍ እንገምድ ነበር። ሕፃን ሲወለድ እልልታ ከቤት ወጥቶ ጎረቤት ይጠራል። ያን ቀን ግን እልልታው ዘገየ፤ ቆይቶ ሲመጣም እንደ ግዴታ ያለ፣ መካከሉ ላይ የሚቆረጥ እልልታ ነበር። ገብቼ ባየኋት ጊዜ ሕፃኒቱ ቆዳዋ የወተት አረፋ ይመስላል፤ ጠጕሯ እንደ ገብስ ገለባ ነው፤ በሩ ሲከፈት ብርሃኑ እየጎዳት ዓይኗን ትጨፍን ነበር። እናቴም አባቴም ጠይሞች ናቸው።

በመጀመሪያ የተናገሩት የአባቴ እናት ነበሩ። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አሉ። ለማረስ የመጡት የእናቴ እህት ነደዳቸውና «በእኛም ዘር የለም!» ብለው መለሱ። በሁለቱም ዘር ከሌለ እንግዲህ ከየት መጣ? ይኽን ጥያቄ ማንም ጮክ ብሎ አልጠየቀም፤ መንደሩ ግን ለብቻው መለሰው። እናቴ እንቁላልና ድንች ይዛ ደብረ ታቦር ገበያ ትወጣለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበትን ጋፋትን ሊያይ የሚመጣ ፈረንጅ ደግሞ ከከተማው አይጠፋም። ሌላውን አንባቢ ይጨምርበት።

አባቴ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ዝም አለ። ከሳምንት በኋላ «የወንድሜን አረም ላግዝ» ብሎ ሄደና አረሙ አልቆ፣ መስከረም ጠብቶ፣ መስቀል አልፎ እንኳ አልተመለሰም።

የልጅቱ የክርስትና ቀን ሲቃረብ የእናቴ አባት በትራቸውን ይዘው ተነሡ፤ እኔንም አስከተሉኝ። አያቴ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ መጻሕፍት የሚያውቁ ሰው ናቸው። ካጎቴ ቤት ደርሰን ጠላ ቀረበላቸውና ሳይቀምሱ አስቀመጡት። ከዚያ አባቴን ስለ ላሜሕ ጠየቁት። በመጽሐፈ ሄኖክ በመጨረሻው ክፍል የሚገኘው ታሪክ ነው። ላሜሕ ሚስቱ ወንድ ልጅ ስትወልድለት ልጁ ሰውነቱ እንደ በረዶ የነጣ፣ ጠጕሩ እንደ ነጭ የበግ ጠጕር፣ ዓይኑም ቤቱን የሚያበራ ሆኖ አገኘው፤ ደነገጠ፤ ከሰው ሳይሆን ከመላእክት ወገን የተወለደ መሰለው። ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ ሮጠ፤ ማቱሳላም እስከ ምድር ዳርቻ ሄዶ ሄኖክን ጠየቀ። ሄኖክም ልጁ በእውነት የላሜሕ ልጅ መሆኑን አስረድቶ መለሰው። ያ ሕፃን ኖኅ ነው።

አያቴ ይኽን ተርከው ሲያበቁ፣ «ልጄ፣ አንተ ከላሜሕ ትበልጣለህን? እሱስ ቢሆን ጠየቀ እንጂ ቤቱን ጥሎ አልሄደም» አሉት። አባቴ በማግሥቱ ተመለሰ። ክርስትናውም ተነሣ። ያ የመጀመሪያው ቃል ግን ከቤታችን አልወጣም፤ እንደ ጢስ ከጣራው ሥር ቀረ። ስለ ፈረንጁ ሲነገር የነበረው ሐሜት እየደከመ ሲሄድም ሌላ ተተካ፦ «ባልና ሚስቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቆጠራው ተሸፍኖ ነው የተጋቡት።»

እህቴ አደገች። ልጅነቷ ከፀሐይ ጋር ሙግት ነበር። የፀሐይ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያኽል እንደሚጨምር ዛሬ አውቃለሁ፤ እኛ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ነን። ያን ጊዜ የማውቀው ግን በግ ስንጠብቅ የእኔ ፊት ሲጠቁር የእሷ እንደሚቆስል ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባም ሰሌዳው አልታይ አላት፤ መጽሐፉን ካፍንጫዋ አስጠግታ ስለምታነብ አንድ አስተማሪ «ሰነፍ» ብሎ ከኋላ አስቀመጣት። ልጅቱ ስንፍና የላትም፤ የሚያንሳት የዓይን ብርሃን ነው። ዓይን ሲሠራም ያ ቀለም ስለሚያስፈልገው፣ ቀለሙ ሲጐድል ማየትም ይቀንሳል። ከፊት ወንበር የሚያስቀምጣት አስተማሪ ካገኘች በኋላ ግን ከክፍሉ ሦስተኛ ወጣች።

እንግዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመጣ ይኽን ሁሉ በሆዴ ይዤ ነው። በሁለተኛው ዓመት የዘር ውርስ ትምህርት ስንጀምር አስተማሪያችን በሰሌዳው ላይ አንድ አራት ማዕዘን ሥሎ በአራት ከፈለው። ጓደኞቼ ለፈተና ሲገለብጡት እኔ እጄ ተንቀጠቀጠ። እዚያ ሰሌዳ ላይ የተቀመጡት እናቴና አባቴ ነበሩ።

ለማያውቀው ጓደኛዬ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። እያንዳንዱ የዘር መልእክት፣ ማለት ዘረ መል ወይም ጂን፣ በሰውነታችን በሁለት ቅጂ ይገኛል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የመጣ ነው። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ባለቤቱ በዚያ ባሕርይ ሆሞዛይገስ ይባላል፤ የተለያዩ ሲሆኑ ሄትሮዛይገስ ይባላል። ቃላቱን ከግሪክኛ ቀምሞ ያወጣቸው እንግሊዛዊው ቤትሰን በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ «ባለ መንታ» እና «ባለ ድብልቅ» ብላቸው ይቀለኛል።

ቁም ነገሩ ያለው በድብልቁ ላይ ነው። ቆዳን፣ ጠጕርንና ዓይንን የሚያጠቁረው ቀለም ሜላኒን ይባላል። ቀለሙን ለመሥራት ከሚያስፈልጉት ዘረ መሎች በአንዱ፣ አንዱ ቅጂ ቢበላሽና ሌላው ደኅና ቢሆን፣ ደኅናው ብቻውን ሥራውን ይወጣዋል። ስለዚህ ባለ ድብልቁ ሰው እንደ ማንም ጠይም ነው፤ የተበላሸውን ቅጂ እንደያዘ ራሱም አያውቅ፣ ያየውም አያውቅ። ሁለት ባለ ድብልቆች ሲጋቡ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት ዕድል አንዱ ልጁ የተበላሸውን ቅጂ ከሁለቱም ወገን እንዲወርስ ያደርጋል። ያ ልጅ ባለ መንታ ነው፤ ቀለሙ አይሠራለትም። ይኽም ማለት እንዲህ ያለ ልጅ ባንድ ወላጅ ብቻ ሊመጣ አይችልም ማለት ነው። ሐሜቱ እናቴን ብቻ ሲወነጅል በስሌት እንኳ ስሕተት ነበር። ከሚያልፍ ፈረንጅ ነጭነት የተነሣ እንዲህ ያለ ልጅ አይወለድም፤ የፈረንጁ ነጭነትና የእህቴ ነጭነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እህቴ እንዲህ ሆና መወለዷ፣ የእኛ ቤት ልጅነቷን ከመካድ ይልቅ፣ አባቴም እንደ እናቴ ድርሻውን ማዋጣቱን የሚያሳይ ነበር።

ይኽን የቁጥር ሕግ መጀመሪያ ያገኘው መነኩሴ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ፤ አያቴ ይወዱታል ብዬ አሰብሁ። ግሬጎር ሜንዴል ዛሬ ቼክ በሚባለው አገር በብርኖ ገዳም አትክልት ውስጥ አተር ይዘራ ነበር። ክቡን አተር ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅል የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉ ክብ ሆነ፤ የተጨማደደው የጠፋ መሰለ። እነዚያን ክቦች እርስ በርሳቸው ሲዘራቸው ግን 5,474 ክብና 1,850 የተጨማደደ አገኘ፤ ሦስት ለአንድ ማለት ነው። የተጨማደደው ጠፍቶ አልነበረም፤ ተደብቆ ነበር። ሜንዴል ይኽን በ1865 እ.ኤ.አ. አሰማ፤ ዓለም ግን እስከ 1900 ድረስ አልሰማውም።

እኛስ ቤት ይኽን የሚያስተምር እህል ነበረ። በጎንደር ደጋ «ሰነፍ ቆሎ» የሚባል ገብስ አለ። ሌላው ገብስ ቅርፊቱ ተጣብቆበት ካልተሸከሸከ አይበላም፤ ሰነፍ ቆሎ ግን ቅርፊቱ በውቂያ ጊዜ ስለሚራገፍ ሰነፍም ብትሆን ቆልታ ትበላዋለች። ቅርፊት አልባነት በገብስ ዘንድ የሚወርደው ባንድ ዘረ መል ነው፤ እሱም ድብቅ ባሕርይ ነው፤ ካልታደሰ ቋንቋ ብናገር፣ መንታ ካልሆነ አይገለጥም። ገብስ ደግሞ በራሱ አበባ ውስጥ ራሱን የሚያዳቅል እህል ነው። ሁለት የተለያዩ ገብሶች አንድ ጊዜ ቢዳቀሉና ዘራቸው ከዚያ በኋላ ራሱን እያዳቀለ ቢቀጥል፣ ድብልቅነቱ በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል፦ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ እያለ በሰባተኛው ትውልድ ከ128 አንድ ብቻ ይቀራል። ገበሬ «ዘሩ ጠራ» የሚለው ይኽን ነው። ለገብስ መንታነት መልካም ነው፤ ደካማው ቅጂ ከብዙ ትውልድ በፊት ወጥቶ ተጠርጓል። ሰው ግን ገብስ አይደለም፤ ድብቁን ይዞ ነው የሚኖር።

ሰባት የሚለው ቁጥር ሌላ ሰባት አስታወሰኝ። በእኛ አገር ሰው ሲጋባ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ወንድምና እህት አንድ ቤት ናቸው፤ የወንድማማች ልጆች ሁለት ቤት ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው ሦስት ቤት፤ እንዲህ እያለ ሰባት እስኪሞላ ድረስ ጋብቻ ነውር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሆኜ በአስተማሪያችን ስሌት ይኽን ሠራሁት። የወንድማማች ልጆች ቢጋቡ፣ ልጃቸው ካንድ አያት የወረደውን ያንኑ ቅጂ በሁለቱም በኩል የመውረስ ዕድሉ ከ16 አንድ ነው። በሦስት ቤት ከ64 አንድ፤ በአራት ከ256 አንድ ይሆናል። በሰባት ቤት ግን ከ16,384 አንድ ነው። ሐኪሙ ጋሮድ በ1902 እ.ኤ.አ. ሽንትን የሚያጠቁር አንድ የውርስ ሕመም ሲያጠና የብዙዎቹ በሽተኞች ወላጆች የአጎትና የአክስት ልጆች ሆነው አገኛቸው፤ ነገሩ ከሜንዴል ሕግ ጋር እንደሚገጥምም ተናገረ። አባቶቻችን ዘረ መል የሚባል ነገር ሳያውቁ መንታው እንዳይገጣጠም አርቀው አጥረው ነበር።

ይኽን ስል ለመኩራራት አይደለም። ካገራችን ሕዝብ ሁሉም እንዲህ አይቆጥርም፤ አፋሮች «አብሱማ» ብለው የቅርብ ዘመድ ጋብቻን የሚያስቀድሙበት የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ የአጎትና የአክስት ልጆች ከሚወልዷቸውም አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። አደጋው በመቶ ልጅ ሁለት ወይም ሦስት ያኽል ነው የሚጨምረው። እኔን ያስጨነቀኝ የሌላው ቤት ሳይሆን የራሴ ቤት ነበር፦ የመንደሩ ሁለተኛ ሐሜት እውነት ይሆንን? ቆጠራው ተሸፍኖ ይሆንን?

ስለዚህ ለዕረፍት አገሬ ስገባ ደብተር ይዤ አያቴ ዘንድ ሄድሁ። እሳቸው የዘር ሐረግ አዋቂ ናቸው። ቀድሞ በጎንደርና በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ስለነበር፣ ከአቅኚው አባት ጀምሮ ቆጥሮ መውረድ የማይችል ሰው በዳኛ ፊት መሬቱን ያጣ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ካስቀረ ወዲህ ቆጠራው ለጋብቻ ብቻ ቀረ፤ የሚያውቁትም ሽማግሌዎች እያለቁ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እሳቸው እየቆጠሩ እኔ ጻፍሁ። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ በጣታቸው አንጓ ይወጣሉ፤ ከዚያ በሌላው ወገን ይወርዳሉ። እውነቱን ልናገር፤ ስሕተት እንዲገኝ ፈልጌ ነበር። ስሕተት ቢገኝ ጥፋቱ የሆነ ሰው ጥፋት ይሆንና እንገላገላለን መሰለኝ። ስሕተት ግን አልተገኘም። የእናቴና የአባቴ ዘር እስከ ሰባት ቤት አልተገናኘም።

ታዲያ እንዴት ሆነ? መልሱ በሂሳብ ይገኛል። ለምሳሌ ከ10,000 ሰው አንዱ ያለ ቀለም ቢወለድ፣ ድብቁን ቅጂ በአንድ በኩል ብቻ ይዞ የሚዞረው ከ50 ሰው አንዱ ነው። ከምንማርበት አዳራሽ መቶ ሰው ቢቀመጥ ሁለቱ ይዘውታል ማለት ነው፤ ማን እንደሆኑ ግን ራሳቸውም አያውቁም። ሰባት ቤት መቁጠር በዘመድ በኩል የሚመጣውን ይዘጋል፤ በአገሩ ሁሉ ተበትኖ የሚዞረውን ግን ሊዘጋ አይችልም። እናቴና አባቴ በገበያ እንደሚገናኙ ሁለት መንገደኞች ተገናኙ እንጂ ማንም ያጠፋው ነገር የለም።

ማታ ይኽን ለአባቴ ነገርሁት። በቃል አልገባ ስላለው ሁለት ስኒ አምጥቼ በእያንዳንዱ አንድ ሽምብራና አንድ አተር ጨመርሁ። «ይኽ ስኒ አንተ ነህ አባባ፤ ያኛው እማዬ ናት። ሽምብራው ቀለም ይሠራል፤ አተሩ አይሠራም። ዓይንህን ጨፍነህ ካንዱም ካንዱም አንዳንድ አውጣ፤ የወጣው ልጅህ ነው» አልሁት። አወጣ፤ መልሶ ጨመረ፤ ደግሞ አወጣ። ሽምብራና ሽምብራ፤ ሽምብራና አተር፤ አሁንም ሽምብራና አተር። በስድስተኛው ይመስለኛል ሁለት አተር በመዳፉ ላይ ተገናኙ። ብዙ ጊዜ ትክ ብሎ አያቸው።

«እንግዲህ ግማሹ የእኔ ነው?» አለኝ።

«አዎ አባባ፤ ግማሹ። ካንተ ባይኖር እሷ እንዲህ አትሆንም ነበር።»

አባቴ ነገር የሚያበዛ ሰው አይደለም። አተሮቹን ወደ ስኒው መለሰና ወጣ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና ሁሉን ሰምታ ኖሯል። «ይኽን ያኽል ዓመት ብቻዬን የተሸከምሁትን ዛሬ ግማሹን አወረድህልኝ» አለችኝና ወደ እንጀራዋ ዞረች። በሚቀጥለው ገበያ አባቴ ከደብረ ታቦር ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ገዝቶ መጣ፤ ለልጅቱ ከዚያ በፊት ራሱ መርጦ የገዛላት ነገር አላስታውስም።

የአባቴ እናት ግን እንደ ጸኑ ናቸው። ስኒውንም ሽምብራውንም አይተው፣ «ይሁን፤ ቢሆንም በእኛ ዘር የለም» አሉ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ልመለስ ስል ዋዜማውን ግን ሌላው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ጠሩኝ። እሳቸው ልጅ ሳሉ በእናታቸው ወንድም ቤት አንዲት ልጅ ነበረች አሉ። ከጓዳ አትወጣም ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ይጋርዷት ነበር፤ ጠጕሯን ግን አንድ ጊዜ በጭላንጭል አይተውታል። ሳታገባ፣ ሳትወልድ ሞተች። ስሟን ጠየቅኋቸው። አላስታወሱትም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደብተሬን ገልጬ የአባቴን ወገን ቆጠራ ተመለከትሁት። ያቺ ልጅ የለችበትም። ልትኖርም አትችልም፤ ቆጠራችን የሚቆጥረው የወለደን ብቻ ነው። «በእኛ ዘር የለም» የሚለው ቃል ሐሰት ለማውራት የተነገረ አልነበረም፤ ከጓዳ የተሸሸገ ሰው ከአፍም ከቆጠራም ስለሚጠፋ ነው። ዘር የሚደብቀውን እኛ ደግሞ በላዩ ደበቅንበት። ድብቁ ቅጂ ግን በጓዳ ግድግዳ አይቆምም፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ ካባቴ ደርሷል።

ወደ ላሜሕ ታሪክ ልመለስ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተጠበቀው በግዕዝ ነው፤ ጎንደር ተቀምጦ የነበረው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ሦስት ቅጂ ይዞ ወደ አውሮፓ ገባ። ከዚያ ወዲያ በ1958 እ.ኤ.አ. አርኖልድ ሶርስቢ የተባለ የእንግሊዝ የዓይን ሐኪም በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ላይ የሕፃኑን መልክ እያነሣ፣ የተገለጸው ልክ ያለ ቀለም የተወለደ ልጅ ነው ብሎ ጻፈ። በመጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ የላሜሕ ሚስት በአባቱ ወገን የቅርብ ዘመዱ እንደነበረች ተጽፏል። ሊቃውንቶቻችን ታሪኩን በምልክትነት ይተረጉሙታል፤ በዚህ መካከል ገብቼ ዳኛ ለመሆን አልችልም። ለአያቴ ሳጫውታቸው ግን ፈገግ አሉና፣ «ሐኪሙ መልኩን አይቷል፤ እኔ የማየው የላሜሕን ፍርሃት ነው» አሉኝ። እኔም የሳቸውን አነባበብ ወደድሁ። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሕፃኑ አላጠፋም፤ እናቲቱም አላጠፋችም፤ መልስ የሚያስፈልገው ያባትየው ፍርሃት ብቻ ነበር።

ይኽን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ የመጨረሻው ነገር የእህቴ ጥያቄ ነው። ባርኔጣዋን ደፍታ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘችኝ። የስኒውን ጨዋታ እሷም ተምራው ኖሮ፣ «ወንድም ዓለም፣ አንተስ አተር አለህ?» አለችኝ። ስሌቱን አውቀዋለሁ። ያለ ቀለም ባለመወለዴ ሁለት አተር እንደሌለኝ የታወቀ ነው፤ ከቀሩት ሦስት ዕድሎች በሁለቱ አንድ አተር ይዣለሁ። «ከሦስት ሁለቱ እጅ አለኝ» አልኋት። ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያውስ አንተም የእኔ ወገን ነህ» ብላ ሳቀች።

እንግዲህ እኔም ከሦስት ሁለቱን እጅ ይዤ በመካከላችሁ እዞራለሁ። ባዳ ባገባ፣ ባልኋችሁ ምሳሌ ስናሰላው፣ እንደ እህቴ ያለ ልጅ የመውለዴ ዕድል ከ300 አንድ ነው፤ ያጎቴን ልጅ ባገባ ግን ከ24 አንድ ይሆናል። የአባቶቻችንን ሰባት ቤት ስለዚህ አልንቅም። ነገር ግን ከማገባት ልጅ ጋር ሽማግሌ ሲቀመጥ ከቆጠራው ሌላ የምናገረው አለኝ፦ እህት አለችኝ፤ እንዲህ ናት፤ እኔም ምናልባት ይዤዋለሁ። ይኽን ሰምታ የምትሸሽ ብትኖር አልፈርድባትም። እኔ ግን ሸሽጌ አላገባም።

እናንተም ጓደኞቼ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትበተኑ በየመንደሩ «ከየት አመጣችው» የሚባልላት እናት አታጡም። የተማራችሁትን አራት ማዕዘን ከፈተና ደብተር አውጥታችሁ ለባልየው በሽምብራና በአተር አሳዩት። ከጓዳ የተጋረደ ልጅ ካለም ስሙን ጠይቁ። የእኔ አያት የዚያችን ልጅ ስም እስካሁን አላስታወሱትም፤ በደብተሬ በእናታቸው ወንድም ስም ሥር አንድ ባዶ መሥመር ትቼላታለሁ።